ሴት ልጃችን የኳስ አሠልጣኝ በሆነች ጊዜ

ልጅ ያሳደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፤ ወዳጅ ከወዳጁ ጋር በመንገድ ሲገናኝ ከጤና ቀጥሎ የሚጠየቀው «ልጅዎ ምን ደረሰልዎ?» የሚል ነው። እኛም ስለ ወንድ ልጃችን በተጠየቅን ጊዜ «መሐንዲስ ሆኗል» ብለን ስንመልስ፤ ጠያቂያችን «እሰይ፤ ለወግ ለማዕርግ ያብቃልዎ» ይለናል፤ እኛም ደስ ብሎን እንለያያለን። ስለ ሴት ልጃችን በተጠየቅን ጊዜ ግን ወሬውን ወደ ዝናሙና ወደ ጤፍ ዋጋ እናዞረው ነበር። ይህንም ያደረግነው ልጃችን በከተማችን ካሉት ኮሌጆች በአንዱ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ዋና አሠልጣኝ ስለ ሆነች ነው። ዛሬ ይህን የምንጽፈው እርሷን ለማመስገን ብቻ አይደለም። የእኛን ስሕተት የሚመስል ስሕተት በሌላ ቤት እንዳይደገም በማሰብ ነው እንጂ።

እኛ ባልና ሚስት በባሕር ዳር ከተማ ከጣና ሐይቅ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረናል። ልጆቻችን ሕፃናት ሳሉ የሰፈሩ ልጆች ወደ ማታ ጊዜ በሐይቁ አጠገብ ባለው ሜዳ ተሰብስበው፤ በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀው በሠሩት ኳስ ይጫወቱ ነበር። ሴት ልጃችን ከወንድሟ በሁለት ዓመት ታንሳለች፤ በሩጫ ግን ትቀድመው ነበር። ፀሐይ ወደ ሐይቁ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ከሁለታችን አንደኛችን (ማንኛችን እንደ ሆነ መናገሩ ለአንባቢ አይጠቅመውም) ወደ ደጅ ወጥተን «ነይ፤ ውኃ ቅጂ» እያልን እንጠራትና ጀሪካኑን እናስይዛት ነበር። ወንድሟን የጠራው ሰው አልነበረም፤ ዓይን ለዓይን መተያየት እስኪያቅት ድረስ ይጫወታል። አንድ ቀን ልጅቱ ጀሪካኑን አንሥታ «እርሱስ ውኃ አይጠጣም?» ብላ ጠየቀችን። እኛም የአፏን ድፍረት ገሠጽን እንጂ ለጥያቄዋ መልስ አልሰጠንም።

በአገራችን «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚባል ተረት አለ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በዚህ ከተማ ስንኖር ተረቱን በሌላ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ተርተነዋል። ሜዳው በደጃችን ሳለ ሜዳ የጠማት ልጅ በገዛ ቤታችን እንደ ነበረች ግን አላስተዋልንም።

ልጃችን አድጋ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ስትመርጥ፤ ይህ የጊዜ ነገር ነው፤ በኋላ ትመለሳለች ብለን ዝም አልን። በ2008 ዓ. ም. ተመርቃ «የሴቶች ቡድን አሠልጣኝ እሆናለሁ» ባለችን ቀን ግን ሦስት ምክንያት አቅርበን ተቃወምናት። እነዚህ ሦስት ምክንያቶች በብዙ ቤት የሚነገሩ ስለ ሆኑ ከመልሳቸው ጋር እንጽፋቸዋለን።

አንደኛው ምክንያታችን «ኳስ የወንድ ጨዋታ ነው» የሚል ነበር። ልጃችን በእርጋታ እንዲህ ስትል መለሰችልን። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1920 ዓ. ም. በታኅሣሥ ወር በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ ሁለት የሴቶች ቡድኖች ሲጫወቱ ሃምሳ ሦስት ሺህ ያህል ሰው ተሰብስቦ ተመልክቷል። በማግሥቱ ዓመት የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር «ይህ ጨዋታ ለሴቶች አይስማማም» ብሎ፤ በሥሩ ባሉት ሜዳዎች ሁሉ ሴቶች እንዳይጫወቱ ከለከለ። ክልከላውም ሃምሳ ዓመት ያህል ቈየ። «እንግዲህ ተመልከቱ» አለችን፤ «ሴቶቹ መጫወት አቅቷቸው አልተዉትም፤ ሜዳውን ተነጥቀው ነው እንጂ። ለወንድ ብቻ የተፈጠረ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ መከልከል ባላስፈለገም ነበር።»

ሁለተኛው ምክንያታችን «ይህ ሥራ እንጀራ አይሆንሽም» የሚል ነበር። ለዚህም ምሳሌ ነበራት። በአሜሪካ በ1972 ዓ. ም. እንደ እነርሱ አቈጣጠር፤ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በወንድና በሴት ተማሪ መካከል እንዳያዳላ የሚያዝ ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኮሌጆች የሴቶችን ቡድን ማቋቋም ስለ ጀመሩ፤ የሴቶች ቡድን አሠልጣኝነት ደመወዝና ማዕርግ ያለው ሥራ ሆነ። ጂል ኤሊስ የምትባል በእንግሊዝ አገር የተወለደች ሴት በልጅነቷ ሴቶች የሚጫወቱበት ቡድን አላገኘችም ነበር። ቤተ ሰቧ ወደ አሜሪካ ሲሻገር ግን በትምህርት ቤት ተጫወተች፤ ኋላም በሎስ አንጀለስ ከተማ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 እስከ 2010 ዓ. ም. የሴቶቹ ቡድን ዋና አሠልጣኝ ሆነች። ከዚያም የአሜሪካን የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ይዛ በ2015 ዓ. ም. የዓለምን ዋንጫ አገኘች። እኛም በኋላ እንደ ሰማነው በ2019 ዓ. ም. ደገመችው።

እኛም «ያ አሜሪካ ነው፤ አገራችንን ንገሪን» አልናት። እርሷም መሠረት ማኒን ጠራችልን። ይህች ሴት የድሬዳዋ ከተማን የወንዶች ቡድን እያሠለጠነች በ2007 ዓ. ም. ወደ ፕሪምየር ሊግ አሳድጋ፤ በተከታዩም ዓመት በዚያው ሊግ ከወንድ አሠልጣኞች ጋር ተወዳድራለች። ሰላም ዘርዓይም እንዲሁ ኋላ የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችንን በዋና አሠልጣኝነት መርታለች። ሥራውም እንዲያው በዘፈቀደ የሚያዝ አይደለም፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚሰጠው በየደረጃው የተከፈለ የምስክር ወረቀት አለ፤ አሠልጣኝ ሁሉ ይህን እየተማረና እየተፈተነ ደረጃ በደረጃ ይወጣል።

ሦስተኛው ምክንያታችን «ማን ያገባሻል?» የሚል ነበር። ለዚህ ምንም አልመለሰችም። ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባች። በሳምንቱም ሥራዋን ጀመረች። እኛም ቡራኬያችንን ነፈግናት።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል በአንድ ቤት እያደርን ስለ ሥራዋ አንነጋገርም ነበር። ነገር ግን ዓይን ማየቱን አይተውም። ሌሊት በዐሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ ትወጣለች፤ ተማሪዎቿ ትምህርት ከመጀመራቸው በፊት ሜዳ መድረስ አለባቸውና። ለሃያ ሁለት ልጆች የነበሯት ኳሶች አምስት ነበሩ፤ ከአምስቱም አንዱ ሌሊቱን ስለሚተነፍስ በየጠዋቱ ይነፋል። ክረምት ሲገባ ሜዳው ጭቃ ይሆናል። በጾም ጊዜ ከተማሪዎቿ ብዙዎቹ እስከ ቀትር ምግብ ስለማይቀምሱ የልምምዱን ሰዓት ታዛውራለች። በቦርሳዋ ውስጥ ከፉጨትና ከፋሻ ጋር የሴት የንጽሕና መጠበቂያ አይጠፋም፤ በየወሩ በሚመጣው የተፈጥሮ ልማድ ምክንያት አፍራ ከልምምድ የምትቀር ልጅ እንዳትኖር ብላ ነው። የሴት ልጅ ጕልበት ከወንድ ይልቅ ለጅማት መበጠስ የተጋለጠ መሆኑን ሐኪሞች ስላስታወቁ፤ ከጨዋታ በፊት ሃያ ደቂቃ ያህል ሰውነት የሚያሟሙቅና ጕልበት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሳታሠራ ኳስ አታስነካም። ማታ ማታ አንድ ደብተር አውጥታ ትጽፋለች። አንድ ቀን ደብተሩን በጠረጴዛ ላይ ትታው ብትወጣ፤ ነውር መሆኑን እያወቅን ገለጥነው። በየልጂቱ ስም ትይዩ የጎል ቍጥር የተጻፈ መስሎን ነበር። የተጻፈው ግን «እናቷ ታማለች፤ ማታ እርሷ ታበስላለች»፤ «ጫማዋ ጠቧታል»፤ «የሒሳብ ፈተና ወድቃለች፤ ሁለት ቀን ታርፍ» የሚል ነበር።

በ2010 ዓ. ም. በኅዳር ወር አንድ ማታ ልጃችን ከፊታችን ተቀምጣ «አንድ ነገር እለምናችኋለሁ» አለችን። ከተጫዋቾቿ አንዲቱ የዘጌ ልጅ ናት፤ አባቷ ከኮሌጁ ሊያስወጣት ቈርጧልና ለሽምግልና ወደ ቤቱ መሄድ ያስፈልጋል፤ እርሷ ብቻዋን ብትሄድ «ልጅ ናት» ተብላ ትናቃለች፤ ስለዚህ እኛ ሽማግሌ ሆነን እንድንከተላት ለመነችን። ሽምግልና የተጠየቀ ሰው እንቢ ማለት በአገራችን ነውር ስለ ሆነ፤ እያመነታንም ቢሆን እሺ አልን።

በማግሥቱ ቅዳሜ በጀልባ ተሳፈርን። ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አጥማጆች በአጠገባችን ያልፉ ነበር። ዘጌ ከጥንት ጀምሮ በሬ ተጠምዶ የማይታረስባት፤ ሰው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ የሚኖርባት ምድር ናት። ከወደቡ ወርደን በቡናው ጫካ ውስጥ ባለችው ቀጭን መንገድ ስንወጣ፤ ቡናው ቀልቶ ከዛፉ ሥር መርገፍ ጀምሮ ነበር።

የልጅቱ አባት ከቤታቸው ደጃፍ ተቀብለው «ቤት ለእንግዳ፤ ግቡ፤ ተቀመጡ» አሉን። እኛም እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለን ቆምን።

ልጃችን ጐንበስ ብላ «አባቴ፤ የልጅዎን ነገር ልንለምንዎ ነው የመጣነው» አለች።

እሳቸውም እንዲህ አሉ፤ «ልጄን ወደ ከተማ የላክኋት አስተማሪ እንድትሆን ነው። ሰው በተሰበሰበበት ሜዳ እንድትሮጥ አልላክኋትም። ኳስ የወንድ ነው። እንጀራም አይሆናትም። ነገ ማን ያገባታል? ደግሞስ ቡናው ይኸው ደርሶ እየረገፈ ነው፤ እናቷ ወገቧን ታማለች፤ ማን ይልቀመው?»

አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ሦስቱ ምክንያቶች የእኛው ነበሩ፤ ቃል በቃል። በሌላ ሰው አፍ ስንሰማቸው ፊታችን ጋለ። አራተኛው የእሳቸው ብቻ ነበር፤ እርሱም ከሁሉ ይልቅ እውነት ያለበት ነበር። እኛ ልጃችንን በከለከልናት ጊዜ የሚረግፍ ቡና አልነበረንምና።

ልጃችን ደብተሯን ገልጣ የልጅቱን የትምህርት ውጤት በየተራ አነበበችላቸው፤ ከክፍሏ ሦስተኛ መውጣቷን ሲሰሙ ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። ልምምዱ በስንት ሰዓት እንደሚጀመርና እንደሚያልቅ፤ ወደ ሌላ ከተማ ለውድድር ሲሄዱ ከማን ጋር እንደምትተኛ፤ ብትታመም ማን እንደሚያሳክማት አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። በመጨረሻም «ስለ ቡናው አባቴ እውነትዎን ነው። የሚመጣው ቅዳሜ ቡድናችን በሙሉ መጥቶ በደቦ ይለቅምልዎታል» አለች።

እሳቸው ብዙ ዝም ብለው ቈዩ። ከዚያ «አንቺስ ልጄ፤ ይህን ሥራ ስትይዢ ወላጆችሽ ፈቅደውልሻል?» ብለው ጠየቋት።

ልጃችን አንገቷን ደፋች። ልትዋሽ አልፈለገችም፤ ልታሳፍረንም አልፈለገችም። እኛን አላየችንም። ለምን እንደማታየን ግን አወቅን። በዚያ ጊዜ ከሁለታችን አንደኛችን ብቻ አልነበረም የተናገረው፤ ሁለታችንም በአንድነት «አልፈቀድንላትም ነበር» አልን።

«ዛሬስ?» አሉን።

«ዛሬ በእርስዎ ፊት ፈቅደናል» አልን።

ሰውዬው ወደ እኛ፤ ቀጥሎም ወደ ልጃችን ተመለከቱና ሳቁ። «እንግዲያስ እናንተም እንደ እኔ ናችሁ፤ ተቀመጡ» አሉ። ተቀመጥን። ቡናም ተቈላ። ልጃችን የሃያ አምስት ዓመት ሰው ነበረች፤ የእናት የአባቷን ፈቃድ ያገኘችው በራሷ ቤት ሳይሆን ከሐይቅ ማዶ በሰው ቤት ነው። ስንመለስ በጀልባው ላይ ከአጠገባችን ተቀምጣ ብዙ አልተናገረችም፤ ነፋስ ሲበረታ ግን ነጠላችንን አስተካክላ አለበሰችን።

በተባለው ቅዳሜ ዐሥራ ዘጠኝ ልጆች ወደ ዘጌ ተሻግረው ሲለቅሙ ዋሉ። የማስታረቁ ውል ግን ሁሉን የፈጸመ አልነበረም፤ ቡናው እስኪያልቅ ልጅቱ በየቅዳሜው ወደ አባቷ እየሄደች በልምምድ ትጐድል ነበር፤ ቡድኑም በዚያ ወራት ያለ እርሷ ሁለት ጨዋታ ተሸንፏል። ልጃችን ይህን እያወቀች ነው የተዋዋለችው።

ከጥቂት ወራት በኋላ አባትየው ለገበያ ወደ ባሕር ዳር መጥተው በሜዳው ዳር ከሰው ተለይተው፤ ዱላቸውን ተደግፈው ሲመለከቱ አየናቸው። አላጨበጨቡም። ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ልጆቹ ቀርበው «ማን ረታ?» ብለው ጠየቁ።

«እኛ ተረታን አባቴ፤ ሁለት ለአንድ» አለች ልጃችን።

«ታዲያ ምን ያሥቃችኋል?»

«ባለፈው በእነዚሁ አምስት ለባዶ ተረትተን ነበር» ብላ መለሰችላቸው። እሳቸውም ጥቂት አስበው «ታዲያ ጥሩ ነው» አሉና ወደ ገበያቸው ሄዱ።

በዚያው ዓመት ማብቂያ የከተማችን የወንዶች ቡድን ባሕር ዳር ከነማ ወደ ፕሪምየር ሊግ ሲያድግ ሕዝቡ በደስታ መንገዱን ሞላው። እኛም ወጥተን ጨፍረናል፤ የሚገባ ደስታ ነበርና። ነገር ግን በሃምሳ ሺህ የሚቈጠር ሰው እንዲይዝ ታስቦ ስታዲየም በተሠራበት ከተማ፤ የልጃችን ቡድን የሚነፋውን አምስተኛ ኳስ ማሰባችን አልቀረም። በአገራችን ሴቶች መንገዱን የጀመሩት ዛሬ አይደለም፤ የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ2004 ዓ. ም. በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የአፍሪካ ሻምፒዮና አራተኛ ወጥቷል። የዱራሜዋ ሎዛ አበራ እስከ ማልታ ሄዳ ተጫውታለች። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድንም በ2016 ዓ. ም. መጨረሻ የምሥራቅ አፍሪካን ማጣሪያ አሸንፎ፤ በ2017 ዓ. ም. በሞሮኮ በተደረገው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ተካፍሏል። ከእነዚህ እያንዳንዳቸው በአንድ ወቅት ከቤቷ «ሂጂ» ተብላ የተለቀቀች ልጅ ነበረች።

ስለዚህ ከደረሰብን የተማርነውን በአጭሩ ለወላጆች እንናገራለን። አንደኛ፤ ለወንድ ልጃችሁ የሰጣችሁትን የማታ ሰዓት ለሴት ልጃችሁም ስጡ፤ ጀሪካኑንም በተራ ያንሡት። ሁለተኛ፤ አሠልጣኝ ወደ ቤታችሁ ስትመጣ ወንበር ሰጥታችሁ ጠይቋት፤ ልጃችን ከማን ጋር ትሄዳለች፤ በስንት ሰዓት ትመለሳለች፤ ብትጐዳ ማን ይደርስላታል ብሎ መጠየቅ መብታችሁም ግዴታችሁም ነው፤ ለእነዚህ መልስ የሌላት አሠልጣኝ ልጃችሁን ልትወስድ አይገባም። ሦስተኛ፤ ለማለዳ ልምምድ የምትወጣ ልጅ ባዶ ሆዷን እንዳትሮጥ አስቀድማችሁ ጥቂት ቍርስ አዘጋጁላት፤ ብትጾምም ሰዓቱን ከአሠልጣኟ ጋር ተነጋገሩበት። አራተኛም፤ የገዛ ልጃችሁ ይህን ሥራ ብትመርጥ፤ ቡራኬያችሁን እንደ እኛ አታዘግዩት።

ያች የዘጌ ልጅ ዛሬ አስተማሪ ናት፤ የትምህርት ቤቷንም ሴቶች ኳስ ታጫውታለች። ልጃችን አሁንም ሌሊት በዐሥራ አንድ ሰዓት ትነሣለች፤ ደመወዟም ገና ብዙ አይደለም። እኛ ግን ቀድመናት ተነሥተን ሻይ እናፈላለን። በመንገድም ወዳጅ አግኝቶ «ሴት ልጅዎስ ምን ደረሰችልዎ?» ሲለን «የሴቶች እግር ኳስ ዋና አሠልጣኝ ናት» ብለን እንመልሳለን። ጠያቂያችን ዝም ያለ እንደ ሆነም ወሬውን ወደ ዝናሙ አናዞረውም፤ የሚመጣው ጨዋታ በስንት ሰዓት እንደ ሆነ እንነግረዋለን።